ጋሼ ኃይሉ እና በተሳሳተ በኩል የጠለቀችው ፀሐይ

ማክሰኞ ጠዋት፣ የምሠራበት የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ ውስጥ፣ የእረፍት ብሬክ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። የጋሼ ኃይሉ ልጅ ማርታ ነበረች። ከእኔ ጋር ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምታወራው ልጅ በአማርኛ «ሰብልዬ፣ አባዬ አረፈ» አለችኝ። በአማርኛ መናገሯ ነገሩን አረጋገጠልኝ፤ እዚያው የዕቃ ፓሌት ላይ ተቀመጥኩ። ሠዓሊው፣ መምህሬ፣ የብዙዎቻችን ጋሼ፣ ዓመታዊው ዐውደ ርእያቸው ሊከፈት አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው በኩላሊት ሕመም ተለዩን። ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው፤ የማታውቋቸው ካላችሁም ቀርቶባችኋል፣ እውነቴን ነው።

ጋሼ ኃይሉ ምፅዋ ተወልደው እስከ አሥራ አራት ዓመታቸው እዚያው አድገዋል። አባታቸው የወደብ ሠራተኛ ነበሩ። በበዓል ቀን አጎታቸው በሳምቡክ ጀልባ ወደ ዙላ ይዘዋቸው ይሻገሩና፣ ጥንት መርከብ ሲያስተናግድ የኖረውን የአዱሊስን ፍርስራሽ በእግር ሄደው ያያሉ። ባሕሩ ከከተማው ከሸሸ ስንት ዘመኑ ነው፤ ከአሸዋው የሚታየው ጥቁር የድንጋይ ግድግዳ ብቻ ነው። «ባሕር እንኳ ከተማ ጥሎ ይሄዳል፤ እኛ ብንሄድ ምን ይገርማል?» ይሉ ነበር። ከዚያ አዲስ አበባ ታፔላ ጻፉ፣ በሱዳን በኩል በስደት አለፉ፣ ኮሎምበስ ገብተው ዌርሃውስ ውስጥ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ነዱ። ያንን ዳርቻ ግን በየደረሱበት ሣሉት።

እኔ በዲቪ መጥቼ እዚያው ዌርሃውስ ስቀጠር መኪናም መንጃ ፈቃድም አልነበረኝም። ከምኖርበት ከሬይኖልድስበርግ ስምንት ወር ሙሉ አመላልሰውኛል። አንድም ቀን «ነገ ራይድ ፈልጊ» አላሉኝም። እሑድ እሑድ ባዶ ፓርኪንግ ፈልገው መንዳት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። «ሰብለ፣ ፍሬን የተሠራው ላንቺ ነው፤ እባክሽ ተጠቀሚበት» እያሉ በሩን ጨብጠው ይይዙ ነበር። አንድ ቀን በብሬክ ሰዓት ካርቶን ላይ ስሞነጫጭር አዩኝ። ካርቶኑን አንስተው ወደ ብርሃኑ አዞሩት፤ «ከሰኞ ጀምሮ ከሺፍት በፊት ቤቴ ትመጫለሽ» አሉና ሄዱ። ጠይቀውኝ እንዳይመስላችሁ፤ ትእዛዝ ነበር።

ሥዕል የሚሠሩበት የቤታቸው ጋራዥ ውስጥ ጥቁር ቀለም የሚባል ነገር አይገባም። «ጥቁር የሰነፍ ቀለም ነው። ጥላን ከሰማያዊው ውስጥ ፈልጊው» ይሉኛል። ቀለሜን ሲያዩ ደግሞ «ይሄ አልበሰለም፣ መልሽው» ይላሉ፤ ሲጥማቸው ዝም። ከእሳቸው ዝምታ ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ሥዕሎቹን በየዓመቱ በጥር፣ በረዶው ሲከመር፣ ሾርት ኖርዝ በሚባለው ሰፈር ባለች አንዲት ትንሽ ጋለሪ ያሳዩ ነበር። «ለምን በበጋ አያደርጉትም?» ሲባሉ «በበጋ ማን ፀሐይ ይናፍቃል?» ነው መልሳቸው። ባለ ጋለሪዋን ለምነው ማሞቂያውን እስከ ላይ ያስጨምራሉ፤ ከዚያ በሩ ላይ ቆመው የእንግዳውን ሁሉ ካፖርት ይቀበላሉ። የኛ ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ «ልሄድ ነው» እያለ ካፖርቱን ሳያወልቅ ሦስት ሰዓት የሚቆም ነው። እሳቸው ጋ ይህ አይሠራም፤ «ባሕር ዳር በካፖርት አይመጣም!» አንድ ጊዜ አንድ ጎረምሳ ክርክር ፈልጎ «ጋሼ፣ ለመሆኑ ይሄ ባሕር የማን ነው?» ቢላቸው፣ «የዓሣው ነው። ይልቅ ካፖርትህን ወዲህ በል» አሉት።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ።

በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ጋሼን ወደ ኢሪ ሐይቅ እወስዳቸው ነበር። ውለታ መመለሴ መሆኑ ነው፤ መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው አይደሉ? ውሃው ዳር ታጣፊ ወንበር ዘርግተን፣ ፀሐይ ውሃው ውስጥ እስክትገባ እንቀመጣለን። «ይኸው ባሕርዎ» እላቸዋለሁ። «ጨው የሌለው ባሕር ጨው እንደሌለው ወጥ ነው። ለራበው ግን ይበላል» ይሉኛል። ብዙ አንነጋገርም። እኔ በዚህ አገር ከሰው ጋር ዝም ብዬ መቀመጥ የቻልኩት እዚያ ብቻ ነው። ስንመለስ መኪና ውስጥ ይተኛሉ፤ በማግስቱ ጋራዣቸው ገብተው ይሥላሉ።

ከአራት ዓመት በፊት በነበረው ዐውደ ርእይ ዋናው ሥዕል ትልቁ ሸራ ነበር። የምፅዋ ዳርቻ ምሽት ላይ፣ ሳምቡኮች፣ በሩ ላይ ቆመው ልጃቸውን የሚጠሩ እናት። እናትየው የጋሼ እናት ናቸው። ፀሐይዋ ባሕሩ ውስጥ እየጠለቀች ፊታቸውን ወርቅ አስመስላዋለች። ሁላችንም አጨበጨብን፤ እኔማ አለቀስኩ። የዚያን ዕለት እትዬ ለምለም የሚባሉ እናት ልጃቸው እዚሁ ኮሎምበስ አጠገብ ካለችው ደብሊን አምጥቷቸው ነበር። ያደጉት ምፅዋ ነው። ከሥዕሉ ፊት ቆመው ቀሩ። ጋሼ ቀርበው እጅ ነሷቸው።

«እጅዎ ይባረክ ወንድሜ፣ ድንጋዩም ሳምቡኩም የኛው ነው» አሉ እትዬ ለምለም። «ይቺ ፀሐይ ግን እየወጣች ነው እየገባች?»

«እየገባች ነው እንጂ። ምሽት ነው።»

«ውይ! በባሕሩ በኩል? በባሕሩማ ትወጣለች! የምትገባው ከኋላችን በተራራው ነው። ረሱት እንዴ? የቤቶቹ ጥላ ውሃው ላይ ሲያርፍ አልነበር እናቶቻችን ግቡ የሚሉን?»

ጋሼ ግድግዳው ላይ የነበሩትን ሥዕሎች አንድ በአንድ እየዞሩ አዩ። ትልቁን ጨምሮ በአምስቱ ላይ ፀሐይ ባሕር ውስጥ ትጠልቃለች። ተመልሰው ትልቁን ሸራ በገዛ እጃቸው፣ በሰው ፊት፣ ከግድግዳው አወረዱት። እትዬ ለምለም ደንግጠው «ምነው ባልተናገርኩ!» እያሉ አፋቸውን ያዙ። ጋሼ ግን ጎንበስ ብለው እጃቸውን ሳሙ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ እንዲህ አሉኝ፦ «የኢሪን ፀሐይ ሰርቄ እናቴ ፊት ላይ አስቀመጥኳት። እሷ የምትጠራኝ ጥላ ውስጥ ቆማ ነበር። የእናቴን ፊት ከተሳሳትኩ፣ ሰብለ፣ ምኑን ነው የማስታውሰው?» ኢሪ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። በየዓመቱ፣ በገዛ መኪናዬ፣ ደስ እያለኝ።

በማግስቱ አራቱን ትንንሽ ሥዕሎች ነጭ ቀለም ቀቧቸው። በትልቁ ሸራ ላይ ግን እጃቸው እምቢ አለ። «አንቺ ውሰጂና ጣይልኝ። ዳግመኛ እንዳላየው» አሉኝ። ከሳምንት በኋላ «ጣልሽው?» ሲሉኝ «ጣልኩት፣ ጋሼ» አልኩ።

ከዚያ ብሩሽ ማንሳት ተዉ። በጋው እስኪያልፍ ጋራዡ ተዘግቶ ከረመ፤ ኢሪም አልሄድንም። ማርታ «ሂ ኢዝ ኖት ኢቲንግ»፣ አይበላም፣ እያለች ኮል ታደርግልኛለች። እኔም አንድ እሑድ ጋሼን አሳፍሬ፣ የት እንደምንሄድ ሳልነግራቸው፣ መኪናዬን ወደ ደብሊን አዞርኩትና እትዬ ለምለም በር ላይ አቆምኩት። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለ። መጀመሪያ ሁለቱም ተፋፈሩ። በኋላ እትዬ ለምለም ስለ ምፅዋው የውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ አንድ ነገር ተናገሩ፣ ጋሼ «የለም፣ በስተግራ ነበር» አሉ፣ እሳቸው «በስተቀኝ!» አሉ፤ ተነሣ ክርክሩ! ጋሼ ማስረዳት ሲያቅታቸው እርሳስ ጠየቁ። እኔ ወደ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በደስታ አለቀስኩ።

እንዲህ ሦስት ዓመት ሆነ። እትዬ ለምለም ይነግራሉ፣ ጋሼ ይሥላሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። በአዲሶቹ ሥዕሎች ላይ ፀሐይ ከባሕር ትወጣለች። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር «ፀሐይዋን ወደ ቦታዋ የመለሷት እትዬ ለምለም ናቸው» ብለው በእጃቸው ጻፉ። እንዲህ ያለ ሠዓሊ እኔ ሌላ አላየሁም።

እናታቸውን እንደገና የሣሉት ባለፈው ክረምት የኩላሊት እጥበት፣ ዲያሊስስ፣ ከጀመሩ በኋላ ነው። ከሕክምናው ሲመለሱ ይደክማሉ፤ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ መሣል አይችሉም። ሲያልቅ እትዬ ለምለምን አስመጣኋቸው። በሥዕሉ ላይ ቤቶቹ ጥላቸውን ውሃው ላይ ጥለዋል፤ እናትየው በሰማያዊው ጥላ ውስጥ ቆመዋል፤ ፊታቸው አይበራም፣ ግን ይታያል። እትዬ ለምለም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «እንዲህ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔም እየረሳሁት ነበር» አሉ። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው ዝም አሉ። ያንን ዝምታ የማውቀው ነው።

ዐውደ ርእዩ እንደታሰበው ቅዳሜ ይከፈታል፤ ማርታ «ካንስል ቢደረግ ዳድ ይቆጣል» ብላለች፣ ልክ ናት። ኑ፣ ካፖርታችሁንም በር ላይ አስረክቡ፤ የምቀበለው እኔ ነኝ።

ጋሼ፣ አሁን ለእርስዎ ብቻ። በሕይወት ሳሉ መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ። ያንን ሸራ አልጣልኩትም። ዋሸሁዎት። አራት ዓመት ሙሉ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር ደበቅሁት፤ ቤቴ በመጡ ቁጥር እንዳያዩት እየተሳቀቅሁ። ጋለሪው ውስጥ አልሰቀልኩትም፤ እዚያ የተሰቀሉት እርስዎ ያጸደቋቸው ብቻ ናቸው፤ እናትዎም በጥላቸው ውስጥ ናቸው፣ አደራዎን አልበላሁም። የቀብርዎ ዕለት ማታ ግን ያኛውን አውጥቼ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ይቆጡኝ፣ ግድ የለም። ሰማይ ቤት ስንገናኝ ቁጣዎን ይጨርሱልኛል። ለእርስዎ ስሕተት ነበረች፣ ጋሼ፤ ያቺ ፀሐይ ኢሪ ላይ ስትገባ ግን ከአጠገብዎ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። በሰላም ይረፉ። ባሕሩ የእርስዎ ነው፤ ምሽቱ ግን የኔም ነበር።