ጥቁር አዝሙዳችን በአህያ ጎንደር የገባ ዕለት

ጎንደር ፒያሳ ከባንኩ ጎን ባለችው ቅያስ ሳልፍ አንዲት ሴት የጆንያዋን አፍ ፈትታ ጥቁር አዝሙዷን ለገዢ ስታሳይ፣ ሽታው ድንገት አፍንጫዬን መታኝና እግሬ ቆመ። ቅመሙን በወጥና በዳቦ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህን ሽታ አያውቀውም፤ ገና ከአውድማ የተነሣ፣ ገለባው ያልለቀቀው፣ ትንሽ የሚያቃጥል፣ ትንሽ የሚመር ነው። ልጅ ሳለሁ ጥር በመጣ ቁጥር ቤታችን ሁሉ እንዲህ ይሸት ነበር፤ መኝታችን፣ የአባዬ ጋቢ፣ የእማዬ ነጠላ፣ የእኔ የትምህርት ቤት ሹራብ ሳይቀር።

የተወለድሁት ከኮላ ድባ ዝቅ ብሎ፣ ደምቢያ ሜዳ ላይ ነው። መሬታችን ጥቁር ነው፤ ክረምት ሲገባ ውሃውን እየጠጣ ያብጥና የሰውንም የከብቱንም እግር ይዞ አይለቅም ነበር፤ በጋ ሲመጣ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ያ መሬት የሰጡትን ሁሉ ያበቅል ነበር። ችግራችን ከመሬቱ ሳይሆን ከሚዛኑ ነበር።

ምርታችንን የሚገዛን አንድ ሰው ነበር፤ አያ ደሳለኝ ይባላል። ያኔ በፊቱ ቆሜ አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ግን አልለውም። ሚዛኑ የእሱ፣ ኮላ ድባ ያለው መጋዘን የእሱ፣ ወደ ጎንደር የሚወጡት የጭነት ማኪና ሾፌሮችም ከእሱ ቃል የማይወጡ ነበሩ። አባዬ ጆንያውን አውርዶ ሲቆም አያ ደሳለኝ እጁን እስከ ክርኑ ያስገባና እፍኝ ዘግኖ እፍ ብሎበት፣ ሁልጊዜ አንድ ቃል ይናገር ነበር፤ «አፈር አለው።» እማዬ ወገቧ እስኪቆረጥ አበጥራ አንጓላ ያመጣችውን ነው እንዲህ የሚለው። አባዬ መልስ አይሰጥም። አባዬ ሲከፋውም ሲደሰትም ዝም የሚል ሰው ነበር። እማዬ ግን ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ «አፈሩስ ያለው ዓይኑ ላይ ነው!» እያለች ትሄድ ነበር።

አንድ ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ሰላም የምትባል ወጣት የኅብረት ሥራ ባለሙያ እስከ ጉልበቷ በሚደርስ ቦት ጫማ ጭቃውን እየቀዘፈች መጣችና፣ ሰዉ ከቅዳሴ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ሰበሰበችው። ወንዶቹ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ሴቶቹ ከኋላ ቆሙ፤ እኔም የእማዬን ቀሚስ ይዤ ቆምሁ። «ምርታችሁን አንድ ላይ አከማችታችሁ አንድ ላይ ብትሸጡ፣ ዋጋ የምትናገሩት እናንተ ትሆናላችሁ» አለች።

አያ ንጉሤ የሚባሉ የአገር ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ማኅበርማ እናውቃለን፣ ልጄ። በዚያን ዘመን ማኅበር ብለው በሬያችንን ከበረታችን አወጡት። ሥራው የጋራ ሆነ፣ ረኃቡ ግን ለየቤታችን ደረሰን።»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነታቸውን ነበርና ልጅቷም ደብተሯን ልትከድን ነበር። ከኋላ የእማዬ ድምፅ ሲወጣ ደነገጥሁ።

«ይኸኛው በሬዬን ይጠይቃል?»

«አይጠይቅም» አለች ሰላም።

«መሬቴንስ?»

«አይነካም፣ እናቴ።»

«ካልተስማማኝ እወጣለሁ?»

«ይወጣሉ።»

«እንግዲያስ እኔን መዝግቢኝ። የሺ በይኝ።»

ወንዶቹ በሙሉ ዞረው አዩአት። አንዱ «ምነው የሺ፣ ባልሽ እያለ?» አላት። እማዬ ነጠላዋን አጥብቃ፣ «ያረምሁት እኔ፣ ያበጠርሁት እኔ። ካሴም ከወደደ የራሱን ይመዝገብ» አለችው። አባዬ ከድንጋዩ ተነሥቶ መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። ያን ክረምት በየደረስንበት «የካሴ ሚስት ባሏን አስከትላ ማኅበር ገባች» ይሉን ነበር። እማዬ ስትሰማ፣ «አዎ፣ አስከትያለሁ፤ ወደ ገደል አልመራሁት» ትል ነበር።

ክረምቱ ሲገባደድ ጥቁር አዝሙዱ ተዘራ። መስቀል ካለፈ በኋላ ደግሞ የማኅበሩ መጋዘን ተጀመረ፤ ወንዶቹ እንጨት አቆሙ፣ እኛ ሴቶቹ ጭድ የገባበትን ጭቃ ረግጠን ግድግዳውን መረግን፤ ቆርቆሮው የመጣ ዕለት ልጆቹ ሁሉ እየተጋፋን ነካነው። አያ ደሳለኝ በሰው በኩል «የሴት ማኅበር ክረምት አይሻገርም» ብሎ ላከብን። አያ ንጉሤ ይህን ሲሰሙ ሳቅ አሉና፣ ለእማዬ «እስቲ ይሻገር እንደሆነ ከውስጡ ሆኜ ልየው» ብለው በማግስቱ ተመዘገቡ። ጥቅምት ላይ እርሻው በዚያ ስስ ሰማያዊ አበባ ተሸፈነ፤ ንቡ ቀኑን ሙሉ ይጮህበት ነበር። እማዬ ስታርም ታንጎራጉር ጀመር፤ ከዚያ በፊት ስታንጎራጉር ሰምቻት አላውቅም።

ጥር ገባ። አጨድን፣ ወቃን፣ አበጠርን። ሰላም ጎንደር ላይ የቅመም ወፍጮ ያለው ገዢ አገኘች፤ ዋጋውም አያ ደሳለኝ ከሚለው በብዙ የተሻለ ነበር። ጆንያው ሁሉ መጋዘኑ ውስጥ ተደርድሮ ማኪናውን ጠበቅን። የተቀጠረው ማኪና አልመጣም። ሌላ ተፈለገ፤ እሱም ቀረ። ሦስተኛው ሾፌር ደግሞ እውነቱን ለአባዬ ነገረው፤ «ለማኅበሩ የጫነ ከአያ ደሳለኝ በር እንዳይደርስ ተብለናል።» ገዢው እንደሆነ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልደረሰልኝ ከሌላ እገዛለሁ ብሎ ነበር።

ሰዉ ይበተን ጀመር። አንዱ ልጄ ታሞብኛል ብሎ ጆንያውን አወጣ፣ ሌላው ሳያሳብብ አወጣ። የሄዱት ሁሉ ወደ አያ ደሳለኝ ነው፤ ተመልሰው ሲመጡ ከበፊቱም ያነሰ እንደከፈላቸው ለመናገር እንኳ ያፍሩ ነበር። አባዬም ከምሳ በኋላ ቀስ ብሎ «እኛም ብናወጣ ይሻላል መሰለኝ፣ የሺ» አለ።

እማዬ የምታጥበውን ሳህን አስቀመጠች። «አህያ የለንም እንዴ?»

«ጎንደር ድረስ?»

«አባትህ ጎንደር በምን ይሄድ ነበር?»

አባዬ ወጥቶ የጭነቱን ገመድ ይፈትሽ ጀመር። እማዬ ከቤት ቤት እየዞረች «አህያ ያለው አህያውን፣ የሌለው ትከሻውን» እያለች ለመነች፣ ተሳደበች፣ ሳቀች። በማግስቱ ገና ሲነጋጋ መጋዘኑ ደጅ ከጠበቅነው በላይ አህያ ተሰብስቦ ነበር፤ አያ ንጉሤ እንኳ ያረጀች አህያቸውን ይዘው መጥተው ነበር። እኔም የራሳችንን አህያ እንድነዳ ተፈቀደልኝ።

ኮላ ድባ የደረስነው ገበያው ሲሞላ ነው። ሌላ መንገድ ነበረ፤ እማዬ ግን በአያ ደሳለኝ ደጅ ካላለፍን አለች። መጋዘኑ በራፍ ላይ ቆሞ ነበር፤ መጀመሪያ ሳቀ።

«ወዴት ነው፣ እቴ የሺ?»

«ጎንደር፣ አያ።»

«በአህያ?»

«አህያ ከማኪና በፊት ነበረች።»

ገበያተኛው ሳቀ። አያ ደሳለኝ ከዋሻ እንደሚወጣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠና፣ ቀረብ ብሎ የፊተኛውን ጆንያ ዳሰሰ። እጁን አላስገባም፣ እፍም አላለም። «ሸጋ ነው። ምን አደከማችሁ፣ እዚሁ አውርዱት፤ የጎንደሩን ዋጋ እኔው እሰጣለሁ» አለ።

አንዳንዱ ሰው አህያውን አቆመ። እማዬም ለአፍታ ቆመች። ፀሐዩ ከርሯል፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ ዋጋው ያው ነው። ያኔ ነው አባዬ የተናገረው። ድምፁ አልጮኸም፤ ግን ያን ሁሉ ዓመት ያልተናገረ ሰው ነውና ሁሉም ሰማው።

«ይኸ ዋጋ አምና የት ነበር፣ አያ ደሳለኝ?»

አያ ደሳለኝ እጁን ከጆንያው ላይ አነሣ። አባዬ የአህያችንን ጀርባ መታ አድርጎ «ሂጅ» አላት፤ ሌላውም ተከተለ። እማዬ ከአባዬ ጎን ሆና ስትሄድ ፊቷን አየሁት፤ ትስቅም ታለቅስም ነበር።

አዘዞ ስንደርስ የአያ ንጉሤ አህያ ወድቃ አልነሣ አለች። አባዬ ጆንያዋን ለሌሎቹ አከፋፈለና የተረፈውን በራሱ ትከሻ ተሸከመ። እዚያው አድረን በማግስቱ ጠዋት ያንን ዳገት ወጣን፤ የጎንደር ሰው ከታክሲ አንገቱን እያወጣ ያየን ነበር፤ ሰላምም በዚያው ቦት ጫማዋ መንገድ ዳር ቆማ ትጠብቀን ነበርና ስታየን እልል አለች። ገዢው ጆንያውን ከፍቶ እፍኝ አወጣ፣ አሸተተ፣ አንዱን ፍሬ በጥርሱ ሰበረ። «ማን ነው ያበጠረው?» ብሎ ጠየቀ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ስድብ የመጣ መስሏቸው ነበር። «ምነው?» አለችው እማዬ። «እንዲህ የጠራ ገዝቼ አላውቅም» አላት። እማዬ ግን በምስጋና የምትታለል ሴት አልነበረችም፤ ሚዛኑን ሁላችንም በምናይበት በኩል አዙር ብላ አዞረችው።

አያ ደሳለኝ ከዚያ በኋላ ለሁለት በጋ ከቤታችን ሽምብራም ነጭ ሽንኩርትም አልገዛም፤ ጎዳን፣ አልዋሽም። በሦስተኛው ሾፌሮቹ ራሳቸው ጭነት አላችሁ ወይ እያሉ መጋዘኑ ደጅ ይመጡ ጀመር። ማኅበሩም ቢሆን የመላእክት ማኅበር አልነበረም፤ የጋራውን እህል ለዘመዱ አሳልፎ የሸጠ ሊቀ መንበር ነበረ፣ በጉባኤ ፊት ያስወረደችውም እማዬ ናት። ማኅበር ሲታመም ይታከማል እንጂ አይቀበርም፤ በዚህ ላይ ማንም ቢከራከረኝ አልሸነፍም።

አባዬ አርፏል፤ እማዬ አርጅታለች። እኔ ጎንደር ኅብረት ሥራ ተምሬ ዛሬ ከማኅበሮች ጋር እሠራለሁ፤ መንገድ ክፍት በሆነ ሳምንት ደምቢያ እወርዳለሁ፣ በተዘጋ ሳምንት በስልክ ስጨቃጨቅ እውላለሁ። ዛሬ ጉባኤ ላይ ሴቶቹ ተቀምጠው ነው የሚናገሩት፤ ወንበሩ ባይበቃ የሚቆመው የቀደመው ሳይሆን ያረፈደው ነው። ልጅ ሳለሁ መማር ማለት ከዚያ ጭቃ መውጣት ነበር፤ አስተማሪዎቻችን «ካልተማራችሁ ገበሬ ሆናችሁ ትቀራላችሁ» እያሉ ያስፈራሩን ነበር። አሁንም ፒያሳ ካፌ ተቀምጠው፣ ጫማዬ ላይ የደረቀውን ጭቃ እያዩ «ይህን ሁሉ ተምረሽ ከገበሬ ጋር?» የሚሉኝ አሉ።

«አዎ» እላቸዋለሁ፣ «ከገበሬ ጋር።»