ከላይፕዚግ የተላከ የጎርፍ ጥሪ

አገሬን የተሰናበትኩት ዱዓዬ ሳያልቅ ነው። በማግስቱ ንጋት አውቶቡስ ልሳፈር፣ ከቆቦ ወደ ሮቢት ሲሄዱ ባለው ቤታችን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰዉ ተሰብስቦ፣ ሙክቱ ተበልቶ፣ ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው «ያ አላህ፣ ይህን ልጅ…» ከማለታቸው፣ ከወንዙ በኩል አንድ ጉሮሮ «መጣ! መጣ!» ብሎ ጮኸ። እኛ ዘንድ አንዲት ጠብታ አልወረደችም፤ የዘነበው ደጋ ላይ ነው። ራያ ሜዳ ላይ ሰማዩ እንደጠራ ጎርፍ ይመጣል፤ ጎርፉን ጠልፎ ማሳው ያላስገባ ሰው የዓመት ማሽላውን ለአፋር በረሃ መረቀ ማለት ነው። ሼሁ «አሚን» ሳይባልላቸው አካፋ አነሱ። በአንድ ትንፋሽ ሰባ ሰው ወጣ፤ እኔና የአጥንቱ ትሪ ብቻ ቀረን። ምን ላድርግ? በአዲሱ ሱሪዬ ተከትያቸው ሮጥኩ። ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የጫማዬን ጭቃ ያየ ፖሊስ «እርሻ ላይ ነበሩ?» አለኝ። «ሽኝት ላይ ነበርኩ» አልኩት። አልገባውም።

የጎርፉን ተራ የሚያዘው አባቴ ነው፤ የውሃ አባት ይሉታል። ለኔም ሲቆርስልኝ የደረሰኝ ማሳ አለኝ፣ ከማሳው ጋር በውሃው መዝገብ ላይ ስም አለኝ። ሕጉ አጭር ነው፤ በግንቦት ቦይ ሲጠረግ አካፋ ይዞ ያልቆመ ወይም ሰው ያልወከለ ስሙ ከመዝገቡ ይነሳል። ስሙ የተነሳ ሰው መሬቱ አለ፣ ውሃ ግን የለውም። እንግዳ ሆነ ማለት ነው። እኔ ስሄድ ማሳችን የሚዋሰነው አያ ደምሴ «አብሽር፣ ያንተን አካፋ እኔ እይዛለሁ» አለኝ። በሁለት እጁ ሁለት አካፋ ይዞ ይቆማል ብለው ሲያወሩለት እኔም አምኛለሁ፤ የሰውዬው ክንድ እንደ ግራር ግንድ ነበር።

ለማታውቁኝ፣ ቆቦ ላይ የሒሳብ መምህር ነበርኩ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ኮምፒውተር እጠግን ነበር። ኮድ የተማርኩት መብራት በፈቀደ ሰዓት ነው፤ ዛሬም ላይፕዚግ ተቀምጬ አንድ መስመር በጻፍኩ ቁጥር ሦስት ጊዜ ሴቭ አደርጋለሁ። በአርባ ሦስት ዓመቴ «ጁኒየር ዲቨሎፐር»፣ ጀማሪ ማለት ነው፣ ተብዬ ተቀጠርኩ። አለቃዬ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። «ሰይድ፣ ገና ብዙ ታድጋለህ» ይለኛል፤ ፀጉሬ ከግንባሬ ወደ ኋላ እየሸሸ ባለበት ሰዓት! በየጠዋቱ «ስታንድ አፕ» የሚባል ስብሰባ አለን፤ ክብ ሠርተን ቆመን ትናንት የሠራነውን እንናገራለን። እኛ አገር ሰው ቆሞ እንዲያወራ የሚደረገው ተከሶ ሲመጣ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ማን እንደከሰሰኝ ሳስብ ከረምኩ።

ከሥራ ውጭ ያለው ኑሮማ አይወራ። እኛ ጥላ እንደምንሻማው እነሱ ፀሐይ ይሻማሉ። አንድ ቀን ሱፐርማርኬት ውስጥ ረጅም አረንጓዴ አገዳ አይቼ «ጥንቅሽ!» ብዬ ልቤ ሊቆም ደረሰ። ገዝቼ፣ መንገድ ላይ ልጬ፣ በሙሉ ጥርሴ ነከስኩት። ላውኽ ይሉታል፤ የሽንኩርት ዘር ነው። ዕንባዬ ከሽንኩርቱ ይሁን ከናፍቆቱ እስካሁን አልለየሁትም።

በሁለተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ አያ ደምሴ ደወለ።

«ሰይዶ፣ ዘንድሮ ወገቤ አሻፈረኝ ብሏል። ያ ኮምፒውተርህ አካፋ ይይዛል?»

«አካፋ አይይዝም አያ ደምሴ። መጮህ ግን ይችላል።»

«እንግዲያ እንደ ሚስቴ ነው፤ ይበቃል!»

ሦስት እሑድ ተቀምጬ ጻፍኩት። ደጋ ላይ የሚቆመው የውሃ ማኅበራችን ጠባቂ ጎርፍ ሲያይ አንድ መልእክት ይልካል፤ የኔ ፕሮግራም ደግሞ ለማኅበርተኛው ሁሉ በማሳው ቅደም ተከተል ጥሪ ይበትናል። ከቦዩ ራስ ላይ መጀመሪያ ደምሴ፣ ቀጥሎ እኔ። ማኅበሩ ስቆ ስቆ «ለዘንድሮ በአካፋ ፈንታ ይያዝለት» አለ። ስሜ ተረፈ።

ሐምሌ ላይ አያ ደምሴ ስልክ ማንሳት ተወ። አባቴን ጠየቅኩት። «ስልኩ ውሃ ገብቶበት ነው» አለኝ። ከቀናት በኋላ ስጠይቀው «ጎብዬ ገበያ ሄዷል»። ደግሞ ሌላ ቀን «ተኝቷል»። በቀትር! እኔ ሞኙ ወገቡን እያሳረፈ ነው አልኩ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተቀምጬ ስክሪኔ ላይ «ጎርፍ ደርሷል፤ ጥሪ ተልኳል» የሚል መጣ። «መጣ! መጣ!» ብዬ ጮኽኩ። ጀርመኖቹ ምን እንደመጣ ሳያውቁ አጨበጨቡልኝ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አባቴ ደወለ።

«ሰይድ!» አለ። ሙሉ ስሜን የሚጠራኝ ሲቆጣ ነው። «ለደምሴ ምን ብለህ ላክህ?»

«ለሁሉም የላኩትን ነዋ። ምን ጎደለ? ኤረር የለውም አባዬ!»

ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ደምሴ ከሞተ አሥራ አንድ ቀኑ ነው።»

ስልኩ ለቅሶ ቤት፣ የባለቤቱ የእትዬ ዘነበች ጭን ላይ ነበር። ሲጮህ አንዱ ተቀብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፤ «ክቡር አቶ ደምሴ፣ ውሃው ደርሷል፤ አካፋዎን ይዘው ቶሎ ይውጡ።» እትዬ ዘነበች የጮኸችው ጩኸት ቦዩ ድረስ ተሰማ። አካፋ ይዞ የወጣው ሁሉ አካፋውን እየጣለ ወደ ለቅሶው ተመለሰ። ጎርፉ ማንም ሳይነካው ወደ አፋር ወረደ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ብቻህን ባለህበት ማን ያረዳሃል? መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? እዚያ ያሉ ወገኖች ሰብሰብ ብለው በንጋት እንዲነግሩህ ሰው ልኬ ነበር።»

ሰዎቹም አልቀሩ፤ በማግስቱ ንጋት ላይ ሰባት ሆነው መጡ። እንደማውቅ እያወቁ እንደ ደንቡ ተቀምጠው አረዱኝ። እኔም እንደ ደንቡ፣ አዲስ እንደሰማ ሰው፣ ጮኽኩ። የቤቱ ባለቤት ሴትዮ በፒጃማዋ በሩን ደበደበች።

«ይህ ምን ድግስ ነው? ገና ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አልሞላም፤ የሩሄ ሰዓት ነው!» ሩሄ የሚሉት ጸጥታን ነው።

«ለቅሶ ነው፤ ሰው ሞቶብኛል።»

ደነገጠች። «አዝናለሁ። እዚህ ውስጥ ነው የሞተው?»

«አይደለም፤ ቆቦ።»

«ታዲያ… መቼ ያልቃል?»

«ቢያንስ ሦስት ቀን።»

የውል ወረቀቴን ይዛ ተመለሰች፤ ስለ ለቅሶ የሚል አንቀጽ አጥታ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ደጃፌ ላይ ኬክ አስቀምጣለች። ኬኩ ላይ ወረቀት አለ፤ «እባክዎ ቀስ ብለው ያልቅሱ።»

ባለፈው ዓርብ ማኅበሩ ተሰበሰበ። አባቴ ደወለ፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ መሀል አስቀመጠው።

«መጀመሪያ የደምሴን ስም አንሳ» አለኝ። «ያንን ነገር መክፈት የምትችል አንተ ብቻ ነህ።»

ከፈትኩት። አንድ መስመር ማጥፋት የአንድ ሰከንድ ሥራ ነው፤ ለዚህ ነው ደሞዝ የሚከፈለኝ። ከማጥፋቴ በፊት ግን ሦስት ጊዜ ሴቭ አደረግኩ። ሰዎቹ አላቻኮሉኝም።

«አነሳኸው?»

«አንስቼዋለሁ።»

«በሱ ቦታ ማን አለ?»

«እኔ።»

አባቴ ቀጠለ፤ «እንግዲህ የመጀመሪያው ውሃ ያንተ ነው። ፕሮግራምህን ማኅበሩ ይፈልገዋል፤ በአካፋ ፈንታ ግን ከእንግዲህ አይቆጠርልህም። ሰው ወክል እንዳልልህ ጎረቤትህ ሞቷል። በግንቦት ጠረጋ ካልቆምክ ስምህን የማነሳው እኔ ነኝ። ልጄ ነው ብዬ አላዳላም። ትመጣለህ?»

ፊት ለፊቴ የመሥሪያ ቤቱ የመጪው ዓመት ካላንደር ተሰቅሏል፤ አለቃዬ ግንቦትን ሙሉ በቀይ አስምሮ «ፈቃድ የለም» ብሎበታል። የቤቱ ውል፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ሁሉም በዚህ ሥራ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው።

«አባዬ…» አልኩ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ጠበቁ። እኔም ጠበቅኩት። አባቴ ስልኩን አልዘጋም፤ ሜዳው ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ብቻ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል።