ጉንጬ የጠራው ለቅሶ

እኛ ሰፈር፣ እስራኤል አገር ሺኩን ቫቲኪም፣ ሰው በሰላም መክሳት አይችልም።

ስኳሬ አልወርድ ሲል የሰፈራችን ጤና ጣቢያ፣ የኩፓት ሖሊሟ ነርስ፣ «ጡንቻሽ ኢንሱሊኑን አልሰማ ብሏል። ምግብ ቀንሺ፤ ቀስ እያለ ይሰማል፣ ስኳሩንም ከደምሽ ይወስዳል» አለችኝ። ቀነስኩ። እንጀራው ግማሽ ሆነ፣ ማታ ማታ ሰላጣ ብቻ። እውነትም ስኳሬ ወረደ፤ ጉንጬም አብሮት ወረደ። ለማንም አልተናገርኩም። ደግሞ በሽታዬን ገበያ ላወጣው ነው?

አንድ ቀን የሰው ቤት ሳጸዳ ውዬ፣ ከአውቶቡስ ወርጄ እግሬን እየጎተትኩ ሰፈር ስደርስ፣ ሽማግሌዎቹ ደጄ ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተደርድረዋል። ሴቶቹ ድስት ይዘው ቆመዋል። የሚያወራ የለም፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ይህ እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል፤ መርዶ ነው። ጎንደር የቀረው ወንድሜ ትዝ አለኝ። ዘንቢሌን ጥዬ ጮህኩ፣ ደረቴን ደቃሁ። የሳምንቱ ድካም ሁሉ አብሮ ወጣ። እነሱም እያለቀሱ ተቀበሉኝ።

ድምፄ እስኪዘጋ ካለቀስኩ በኋላ፣ የሰፈራችንን ታላቅ አባ ተገኘን እጃቸውን ይዤ፣ «ኧረ ማን ነው? ወንድሜ ነው? ንገሩኝ!» አልኳቸው።

አባ ተገኘ እንባቸውን ጠረጉ።

«የምን ወንድም? አንቺው ነሽ እንጂ፣ ልጄ። እንዲህ መንምነሽ ስትደብቂን ጊዜ፣ ሳትሞትብን እንሰናበታት ብለን መጣን» አሉና የድስቱን ክዳን አነሱ። «በይ አሁን ብዪ።»