ስንት ወንድ ልጅ አላቸው?

ክራር ያስተማረኝ ጋሼ ቋሚ ደመወዝ የሌለው ሙዚቀኛ ነበር። ጠዋት ለገበሬ ማኅበሩ በዓል መዝሙር ይደርሳል፤ ከሰዓት ላሊበላ በተከራያት ክፍል እኛን ያስተምራል፤ ጥር ሲገባ ደግሞ ሰርግ ለሰርግ ይዞራል። እኔ በክራር አጅበዋለሁ።

ከሰርጉ በፊት ጎረቤት ዞሮ መጠየቅም የኔ ሥራ ነው። ቤተሰቡን ሳያውቁ ማሞገስ አይቻልም፤ አንድ ልጅ ከተዘለለ ቅሬታው ዓመት ይከርማል። ድሮ እየሳቁ ይነግሩኝ ነበር። በዚያ ዓመት ግን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ይለቅም ስለነበር፣ "ስንት ወንድ ልጅ አላቸው?" ስል ሰው ሁሉ ዓይኔን ማየት ጀመረ።

ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ አንድ ሰርግ ያዝን። ምንጭ ዳር ያገኘኋት ጎረቤት፣ "ሦስት ወንድ፣ አራት ሴት" አለችኝና እንስራዋን ሳትሞላ ሄደች። የሙሽሪት እናት ግን፣ "ሁለት ወንድ ነው ያለኝ። ማነው የላከሽ?" አሉኝ።

ያኔ ገባኝ። ሦስተኛው ተደብቋል። ዘፈኑ ከቆጠረው ደግሞ ሊቀ መንበሩ ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ ይሰማል።

ለጋሼ፣ "ሁለት ናቸው" አልኩት።

"እኔ የሰማሁት ሦስት ነው" አለኝ፣ የክራሩን ጅማት እያጠበቀ።

ከማን ሰማ? ጠዋቱን ከሊቀ መንበሩ ጋር መዝሙር ሲያርም ነበር ያረፈደው። ልጠይቀው ፈርቼ የራሴን ክራር መቃኘት ጀመርኩ። የሰርጉ ዕለት ግን፣ "ጋሼ፣ የቤቱን ሙገሳ ዛሬ እኔ ልዝፈነው" አልኩት።

"ዝፈኚው። ወንዶቹን እንዳትዘያቸው ብቻ።"

ዘለልኳቸው፤ ሦስቱንም። የራሴን ግጥም አወጣሁ፦

አራት ሴት ያለው ቤት ምሰሶ መች ያጣል፣
አንዷን ብትነቅሉም በሦስቱ ይቀመጣል።

ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ግጥም ከኔ ወጥቶ ሰው አፍ ሲገባ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ደገምኩት።

"ወንዶቹስ የት ገቡ?" አለ ሊቀ መንበሩ ከመቀመጫው።

ሌላ ግጥም ልጀምር ነበር። አንዲት አሮጊት ግን ቀደሙኝ፦ "አንተ አይደለህ በየስብሰባው ሴት እኩል ናት እያልክ ፀሐይ ላይ የምታውለን? እንግዲህ ቻለዋ!"

ሰው ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ሳቁ ግን ዓይኑ ጋ አልደረሰም።

ከምሳ በኋላ የሙሽሪት እናት ከዳሱ ጀርባ ጎተቱኝ።

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም።"

"ጋሼሽስ ያውቃል?"

አያውቅም ማለት እችል ነበር። "ሦስት እንደሆኑ ያውቃል፤ ሌላውን እንጃ" አልኳቸው።

"እንግዲያው ልጁ ዛሬውኑ ቦታ ይለውጣል" አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ምስጢሩን እንደነገሩኝ ያኔ ታወቃቸው።

ስንመለስ ጋሼ የግጥሜን ዜማ ያፏጭ ነበር። "ጥሩ ነው" አለኝ። ቀጥሎ፣ "ያ ሦስተኛው ልጅ ግን የት ነው ያለው?"

የጠየቀው ለዘፈን ይሁን ለሊቀ መንበሩ፣ ከድምፁ መለየት አቃተኝ።

"እንጃ፣ ጋሼ" አልኩና ፊቴን እንዳያይ ወደኋላ ቀረሁ።