የየኔታን ምግብ ማን በላው?

ከነርስነት ጡረታ እንደወጣሁ የመርሳት ሕመም ያለባቸውን አረጋውያን ቤታቸው ድረስ ሄደው የሚንከባከቡ ሴቶችን እንዳሠለጥን ተቀጠርኩ። የመጀመሪያው ቀን ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር አጠገብ በተከራየነው ክፍል ሠልጣኞቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ይቺ ዐይኗ አያርፍም፤ ያቺ ዝምታዋ አላማረኝም። ምን ላድርግ፣ ተፈጥሮዬ ነው። ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ክብደት መመዘን፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት እያልኩ አስተማርኳቸው።

ከሁሉም ቀልጣፋዋ እናኑ ነበረች፣ የአዲ አርቃይ ልጅ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲቀድሱ የኖሩ ቄስ ቤት መደብኳት። ሰዉ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል።

ብዙም ሳይቆይ ልጃቸው ወይዘሮ ትርንጎ ደወለች።

«ሲስተር፣ አባቴ መንምነው ሊያልቁብኝ ነው! ሳህኑ ግን ባዶውን ይመለሳል። ያቺ ጉደኛ ምግባቸውን እየበላችባቸው ነው!»

ሚዛኔን ይዤ ሄድኩ። እውነትም ከስተዋል። የእናኑ ጉንጭ ደግሞ ሞላ ብሏል። ልቤ ጠረጠረ።

«ማን በላው?» አልኳት።

«እሳቸው ናቸዋ! ሰው እያያቸው ስለማይበሉ መጋረጃውን ጋርጄላቸው እወጣለሁ። እመቤቴ ምስክሬ ናት፣ ሲስተር።» እንባዋ መጣ። እንባዋንም አላመንኩትም።

ኃላፊዬ «ምን ታደርቂኛለሽ? ቀይሪያት!» አለኝ። ግን የበሽተኛ ምግብ በላች የተባለችን ልጅ ጎንደር ላይ ማን ደግሞ ቤቱ ያስገባታል? ካባረርኳትም በዐይኔ አይቼ ይሁን አልኩ።

በማግሥቱ ቁርሱ እንደገባ እናኑንና ትርንጎን አጠገቤ አቁሜ በመጋረጃው ጥግ አጮለቅሁ። የኔታ ፍርፍሩን ባረኩ። ከዚያ መስኮቱን ከፈት አድርገው ለግቢው ውሻ ገለበጡለት።

«ብላ አንተ! እኔ ነገ ቀዳሽ ነኝ» አሉት።

የቄስ ልጅ ነኝና ወዲያው ገባኝ። ሊቀድስ ያለ ቄስ ከዋዜማው ጀምሮ ይጾማል። የኔታ ደግሞ በሐሳባቸው ሁልጊዜ ነገ ቀዳሽ ናቸው። ለእናኑ በጆሮዋ ነገርኳት። ሌላ ሳህን ይዛ ገባችና ጎንበስ አለች።

«የኔታ፣ የዚህ ሳምንት ሰሞነኛ እኮ ሌላ ቄስ ናቸው። ተራው የእርስዎ አይደለም።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

ትንሽ አሰቡ። «እና ምነው በረሃብ ትገድይኛለሽ?» ብለው ሳህኑን ተቀበሏት።

ትርንጎ የእናኑን እጅ ያዘች። «ይቅር በይኝ እህቴ፣ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው።»

«ሰይጣን ምን አደረገ፣ እትዬ? ስንት ጊዜ ቦርሳዬን ፈተሹ። አንድ ቀን እንኳ ‹ምን አየሽ?› ብለውኛል?»

እኔም «ማን በላው?» አልኳት እንጂ «ምን አየሽ?» አላልኳትም።

ከዚያ ወዲህ ስሞታ ሲመጣ መጀመሪያ የማነጋግረው ከበሽተኛው ጋር የምትውለዋን ነው። ሥልጠና ስጀምርም ቤተሰቡን ጠርቼ ከተንከባካቢዋ ጎን አስቀምጣለሁ። እምቢ ያለ ቤት ሠራተኛ አልመድብለትም።