ያጌጠው የምሳ ጥሪ

ተራ ጽሑፍ ማስጌጥ ያስተማረኝ ሰው የለም። የጽሕፈት መኪናም ያስተማረኝ አልነበረም። መዝገብ ቤት ስሠራ በሁለት ጣት ለመድኩት፤ ብዙም ሳልቆይ በነጥብና በሰረዝ ብቻ አበባ መሥራት ጀመርኩ። የመሥሪያ ቤታችን የበዓል ካርድ ዳር ዳሩን የሚዞረው ሐረግ የእኔ ነበር። የዋና ክፍሉ ኃላፊ እንኳ ካርዱን አገላብጦ አይቶ፣ «ይኼን ማተሚያ ቤት ነው የሠራው?» ብሎ ጠይቋል። ጡረታ ስወጣ እኔ ወጣሁ እንጂ ጣቶቼ አልወጡም።

ልጄ ዘመናዊ ስልክ ስትሰጠኝ በመጀመሪያ የፈለግሁት አበባዬን ነው። የፈረንጅ ፊደል የሚያስጌጡ ድረ ገጾች እንዳሉ ደረስኩበት። ተራ ጽሑፍ ስትሰጧቸው ተጠማዝዞ፣ ደምቆ፣ ክብ ውስጥ ገብቶ ይመለሳል። እሱን ቀድቶ የፈለጉበት መለጠፍ ነው። አማርኛ ስሰጣቸው ግን እንዳለ መለሱልኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይተወው ነበር። እኔ ፊደላችሁን አንነካም ካሉ ዙሪያውን እኔ አስጌጠዋለሁ አልኩና ስልኩ ውስጥ የተደበቁትን ምልክቶች ማደን ያዝኩ። በብራና መጻሕፍት የማውቃቸውን ፠ እና ፨ አገኘሁ። የንስር ክንፍ የሚመስሉ ሁለት ምልክቶችም አገኘሁ፤ የጃቫ ሰዎች በጽሑፋቸው የሚጠቀሙባቸው መሆናቸውን ያነበብኩት በኋላ ነው። የመጀመሪያው ሥራዬ ይኸው፦

꧁ ፠ እ✿ን✿ኳ✿ን ፠ ꧂

ይህን የላክሁት ለእድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። የካዛንቺስ ሰፈራችን ፈርሶ ሰዉ ሲበተን፣ እኔም ጎተራ ኮንዶሚኒየም ስገባ፣ እድሩ አልፈረሰም። ወደ ስልክ ገባ። በግሩፑ ላይ የሚወጣው ሁለት ዓይነት ነገር ነው። አንዱ ጸሐፊው የሚጽፈው የሞት መርዶ ሲሆን አጭርና ደረቅ ነው። ሌላው የእኔ የበዓል መልካም ምኞት ነው። እኔ ከጀመርኩ ወዲህ በግሩፑ ላይ አበባ የሌለው በዓል ውሎ አያውቅም።

ታዲያ ባለሽሮዋ ደወለችልኝ። ባለሽሮዋ የምንላት ካዛንቺስ ሳለን የቢሮ ሠራተኛውን ሁሉ ምሳ ታበላ የነበረችው ጎረቤታችን ናት። ቤቷ ሲፈርስ ሥራዋም አብሮ ቆሞ ነበር።

«ጋሼ፣ ኡራኤል ቤት ተከራይቻለሁ። አርብ እከፍታለሁ» አለችኝ።

«እንኳን ደስ አለሽ!»

«ደስታውስ ሰው ሲመጣ ነው። ያለኝን ሁሉ እዚህ ቤት ላይ አውዬዋለሁ። የካዛንቺስ ሰው ካልመጣልኝ ኡራኤል ማን ያውቀኛል? እባክዎ በግሩፑ ይጥሩልኝ።»

«ሰልፍ ነው የማቆምልሽ» አልኳት።

ያን ጥሪ እንደሠራሁት ምንም ነገር ሠርቼ አላውቅም። ከላይ ክንፎቹ፣ ከሥራቸው የከዋክብት ረድፍ፣ በአራቱም ማዕዘን ፠። «ምሳ» የሚለው ቃል መሐል ላይ በአበባ ተከቦ ተቀመጠ። አድራሻው ከታች በኩል፣ በወይን ሐረግ ውስጥ ገባ። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ለቀቅሁት። መልሱ እንደ ዝናብ ወረደ፤ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ወለሉ ላይ ሊወድቅ ነበር። እንቅልፌን በኩራት ተኛሁ።

አርብ ጓደኛዬን ይዤ ኡራኤል ሄድኩ። ጓደኛዬ የእድራችን አባል፣ አሁን ቄራ የሚኖር ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው፤ ሰውን በስሙ የማይጠራ፣ እኔንም «ሽማግሌው» የሚለኝ። ቤቷ ታጥቦ ታጥኖ ጠረጴዛዎቹ ተደርድረዋል። ስድስት ሰዓት አለፈ። ከእኛ በቀር የተቀመጠ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ሰዉ የት ደረሰ?»

«መንገድ ላይ ነው። መልሱን ብታዪው!»

የጸዳውን ጠረጴዛ እንደገና ጠረገችው። ከዚያ ሌላውን። ሽሮው ጓዳ ውስጥ ሲንተከተክ ይሰማናል። ሰባት ሰዓት ሲቃረብ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

መካኒኩ መነጽሩን አድርጎ ስልኬን ተቀበለኝ። ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

«'አሜን፣ እንኳን አብሮ አደረሰን።' 'አሜን፣ አሜን።' 'ለክርስቲያን ጎረቤቶቼ በሙሉ መልካም በዓል።' አንተ ሽማግሌ፣ ምሳ ኑ የተባለ ሰው አሜን ይላል እንዴ?»

«ደስ ብሎት ነዋ!»

«ማንም አላነበበውም! አበባውን አይቶ በዓል ነው ብሎ አለፈው።»

«ትናንት ምን በዓል አለ?»

«ሁልጊዜም የአንድ ቅዱስ ቀን አይደለም እንዴ? ማን ይጠረጥራል?»

«አንተስ? አንተም አላነበብከውም?»

«እኔማ አሜን ብዬ ዘጋሁት። ጎትተህ ባታመጣኝ ቄራ ነበርኩ።»

ይህን ያህል ሰው አንድም ሳያነብ እንዲመርቀኝ ያደረገ ጌጥ በአገሩ ያለ አይመስለኝም። ባለሽሮዋን ግን መራቂ አልጠቀማትም። ስልኬን ነጥቄ ያለ አበባ፣ ያለ ክንፍ፣ በሕይወቴ ጽፌው በማላውቀው ዓይነት ጻፍኩ፦

ባለሽሮዋ ቤት በአስቸኳይ ድረሱ። ኡራኤል፣ ከታክሲ ማቆሚያው ጀርባ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ቀጥሎ።

ብዙ አልቆየም። በመጀመሪያ የደረሱት የእድሩ አንጋፋ እናት ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከታክሲ ወረዱ። ከኋላቸው ኮት የለበሱ ወንዶች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አንገታቸውን ደፍተው መጡ። እኚህ እናት ደፍ ላይ ሲደርሱ ለልቅሶ ድምፃቸውን ሞረዱ። ያኔ ባለሽሮዋ ጭልፋ ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች።

«አለሽ እንዴ?!»

«አለሁ፣ እማማ። ምነው?»

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

«የሞተ የለም» አልኩ። «ምሳ ነው።»

በነጠላቸው ጫፍ ትከሻዬን ገረፉኝ። «አንተ! ያለ አበባ ስትጽፍ ምን እንበል? ነጠላዬን አዘቅዝቄ ነው የመጣሁት!» ከዚያ ሳቁ ያዛቸው፤ ኮት የለበሱትም ሳቁ። ነጠላቸውን ቀና አድርገው ተቀመጡና፣ «በይ አምጪው፤ ድንጋጤ ያስርባል» አሉ።

ሰዉ ከየአቅጣጫው መጣ። ከቢሮው አስፈቅዶ የወጣ አለ። አንዷ ዓይኗን ቀድማ አቅልታ ነበር። ወንበር አለቀ። በዚህ መሐል የእድሩ ዕቃ ያዥ ደወለልኝ፤ መኪና ላይ ጭኖ መንገድ ላይ ነው።

«ድንኳኑን የት እንትከለው?» አለኝ በሐዘን ድምፅ።

«ድንኳኑን ተወው፣ አግዳሚዎቹን ግን በፍጥነት አምጣ!»

የእድሩ አግዳሚዎች እንደዚያ ቀን የሚስቅ ሰው ተሸክመው አያውቁም። ሽሮው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቆየም። ባለሽሮዋ ባዶውን ድስት እያሳየችኝ፣ «ጋሼ፣ ሰልፍ አቆምልሻለሁ ብለው ነበር፤ አቆሙልኝ» አለች። እኔም አልካድኩም። በጌጤ ሰፈር ሙሉ አስመረቅሁ፤ ጌጤን በመተዌ ደግሞ ሰፈር ሙሉ ከያለበት አስነሣሁ። ሁለቱንም የሚችል ሌላ ሰው ካለ ይምጣና እንተያይ።

አሁን ግሩፑ ላይ ሁልጊዜ አርብ ጠዋት ጥሪ አወጣለሁ። ቃሉን የምትሰጠኝ ባለሽሮዋ ናት፤ ጌጥም ከልክላኛለች። ብዙ ተከራክሬ መጨረሻው ላይ አንዲት ምልክት ብቻ አስፈቅጃለሁ፦

ማንም አልሞተም። ሽሮ ደርሷል። ፨