ከዚህ ቤት ደግሞ ምን ይቀነስ?

ሰፈሩ «አንባቢው» ይለዋል። መጽሐፍ ሲያነብ ግን ያየው የለም። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በየሰው ግቢ እየገባ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። ከትከሻው የማትወርድ ቦርሳ፣ የቆጣሪ መስታወት የሚጠርግባት ቁራጭ ጨርቅና ጆሮው ላይ የምትሰካ እርሳስ አለችው። ውሻ ይፈራል፤ ከውሻ ይልቅ አለቃውን ይፈራል፤ ከአለቃውም ይልቅ ነገን ይፈራል። ፍርሃት ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ የናጠጠ ሀብታም ነበር።

ያሁኑ ፍርሃቱ ግን የሚያስቅ አልነበረም። አንድ ሰኞ ጠዋት የክፍሉ ኃላፊ ሃያ ሁለቱን አንባቢዎች ሰበሰበና፣ ንባቡን በራሱ ወደ ቢሮ የሚልክ አዲስ ቆጣሪ ሊገባ መሆኑን ነገራቸው።

«ታዲያ ስንት ሰው ይቀራል?» አለ አንዱ።

«አምስት፣ ቢበዛ ስድስት። ዝርዝሩ በሁለት ወር ውስጥ ይለጠፋል» አለ ኃላፊው፣ ዐይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ።

አንባቢው ክው አለ። ሌሎቹ ሲጮኹና ሲከራከሩ እሱ የቦርሳውን ማንገቻ ጨብጦ ቆሞ ቀረ።

እንዲህ ያስፈራው ረሃብ አይደለም። አባቱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ፋብሪካው ሰው ሲቀንስ አባቱም ተቀነሰ፤ በአራት ወር ውስጥ አምስቱ ልጆች ለአምስት ዘመድ ተከፋፈሉ። አንባቢው ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ልብሱን በአሮጌ አንሶላ ቋጥረው፣ ለጥቂት ጊዜ ነው ብለው፣ ወደ አጎቱ ቤት ሰደዱት። ያ ጥቂት ጊዜ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ። አጎቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አልመታውም፣ ትምህርት ቤትም አስገብቶታል። ልጁ ግን በዚያ ቤት ሲያኝክ ድምፅ አያሰማም፣ ሲያመው አይናገርም፣ ሲሄድ ወለሉን የረገጠ አይመስልም ነበር። ማንም አላዘዘውም፤ ራሱ ነው ራሱን ያስተማረው። ከወንድሞቹና ከእህቶቹ ጋር ዛሬ ሲገናኙ ጤና ይስጥልኝ ተባብለው፣ ስለ አየሩ ተጨዋውተው ይለያያሉ።

ይህን ለሚስቱ ነግሯት አያውቅም። ሲተጫጩ «አጎቴ ነው ያሳደገኝ፤ ደግ ሰው ነበር» ብሎ ወሬውን ዘጋው፤ እሷም ባሏ ዘመድ አውጥቶት ሰው የሆነ ዕድለኛ እንደሆነ አምና ኖረች። አሁንም ስለ አዲሱ ቆጣሪ ትንፍሽ አላለም። ሚስቱ ቤት ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ፣ ምራቋን የዋጠች ሴት ናት፤ ብትሰማ አብራው ታስብ ነበር። እሱ ግን ነገሩን አፉን ከፍቶ ከተናገረው እውነት የሚሆንበት መሰለው። ስለዚህ የዚያን ዕለት ራት ላይ ጉሮሮውን ጠርጎ እንዲህ ብቻ አለ።

«ከዛሬ ጀምሮ እንቆጥባለን።»

«ምን ተፈጠረ?» አለች ሚስቱ።

«ምንም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

«እሺ፤ ለመሆኑ ምን ያህል አለን?»

«ምንም የለንም ብለሽ ያዢው።»

ይቺን መልስ ነው ኋላ ሲረግማት የሚኖረው።

ቁጠባው ተጀመረ። ሥጋ ከሳምንት ወደ ወር ተዛወረ። የኮሪደሩና የበረንዳው አምፖል ተነቀለ። ሳሙና ለአራት ተቆረጠ። አንባቢው አውቶቡስ ትቶ በእግሩ መሄድ ጀመረ፤ ጫማዬ ያልቃል ብሎ ደግሞ ጣቱ የሚታይበትን አሮጌውን ጫማ አወጣ። የአሥራ አራት ዓመት ልጁን ፀጉር ራሴ ልቁረጥ ብሎ ፍየል የጋጠው ማሳ ስላስመሰለው፣ ልጁ ቤት ውስጥም ኮፍያ የማያወልቅ ሆነ። የስምንት ዓመቷ ልጁ፣ በቁመቷ ማጠር ምክንያት ሚጢጢ የሚሏት፣ ወተቷ ሲቀርባት «ድሮም ወተት አልወድም» አለች። ውሸቷን ነበር። አባት ግን ልጄ በሰለች ብሎ ኮራ፤ ፍርሃት ዐይንም ጆሮም ይነሳል።

ሚስቱ ደግሞ በቁጠባ እሱንም ቀደመችው። ሴትዮዋ አንድ ነገር ከያዘች ያዘች ነው። ክር እየቀጠለች ሰፋች፤ ሻይዋን ያለ ስኳር ጠጣች፤ ጥርሷን ሲያማት ቅርንፉድ ነክሳ ዋለች። እሁድ እሁድ ምሳ ከተነሳ በኋላ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ «ከዚህ ቤት ደግሞ ምን ይቀነስ?» ትላለች። ልጆቹ ያን ጊዜ እንደ ተከሳሽ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እሱም ቤቱን በዐይኑ ይዞርና አንድ ነገር ያገኛል። በአምስተኛው እሁድ ግን ምንም አላገኘም።

«እንግዲህ አስቢበት» ብሏት ወጣ። እሷም አሰበችበት።

አንባቢው ሥራውን ቤቱ ድረስ ይዞ የሚገባ ሰው ነው። ጠዋት ሲወጣና ማታ ሲገባ የግቢው በር ጥግ ጎንበስ ብሎ የራሱን ቆጣሪ ያነባል። ቤቱ ድሮ በቀን አራት መቶ ሊትር ገደማ ውሃ ይጨርስ ነበር፤ ከቁጠባው ወዲህ ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ ረግቶ ቆመ። ከዚያ በታች እንደማይወርድ ያውቃል። እሱ ቆጣሪ ሲበዛበት የሚያፈስ ቧንቧ ይፈልጋል፤ ሲያንስበት ሰው ይፈልጋል። አንድ ጊዜ የአንድ ሽማግሌ ቆጣሪ ከወር ወር ፈቀቅ አልል ብሎት በር ቢያንኳኳ፣ ሰውዬው ጠያቂ አጥተው፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ አልጋ ላይ ቀርተው አገኛቸው። በጎረቤት ሸክም ሐኪም ቤት ደርሰው ተረፉ። ከዚያ ወዲህ የወረደ ንባብ ባየ ቁጥር በር ሳያንኳኳ አያልፍም።

ሐሙስ ማታ የራሱ ቆጣሪ መቶ ዘጠና አለ።

መስታወቱን ጠርጎ ደግሞ አነበበው። መቶ ዘጠና። ዓርብ መቶ ሰማንያ ሆነ። ማን ነው ውሃ መጠጣት የተወው? ማን ነው ታሞ የደበቀው?

«ሁላችሁም ደህና ናችሁ?» አለ ገና እንደገባ።

«ምን እንሆናለን?» አለች ሚስቱ ከስፌቷ ቀና ሳትል።

«ውሃው ወርዷል።»

«ቆጥቡ ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ? ሲወርድ ደስ አይልህም?»

ራት ቀረበ፤ ዳቦና ምስር። ልጁ ኮፍያውን እንደደፋ ይጎርሳል። አንባቢው ዐይኑን ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያዞር ሚጢጢ ላይ ቆመ። ልጅቷ ማንኪያዋን ሳህኑን ሳታስነካ አነሳች፤ አፏን ገጥማ ቀስ ብላ አኘከች፤ ሳይሰማ ዋጠች። ሚጢጢ እኮ ስትበላ ከነዘፈኗ ነበር፤ እናቷ ስንቴ «አፍሽን ዝጊ» ብላታለች።

«ምነው ልጄ፣ አመመሽ?»

«አላመመኝም፤ ጠግቤያለሁ» አለችና ዳቦዋን ግማሽ ወደ ወንድሟ ገፋችለት።

አንባቢው እንዲህ የሚበላ ልጅ ያውቃል። የት እንደሚያውቅ ለራሱ እንኳ መናገር ፈራ። ከገበታው ተነሣ፤ ቅዳሜንና እሁድን ልጅቷን ሰረቅ እያደረገ እያየ፣ ግንባሯን በሰበብ እየዳበሰ አሳለፈ። ትኩሳት የላትም። ሲጠሯት ግን ገና ሳይደግሙላት ትመጣለች፤ ቁጭ በይ ሲሏት የወንበሩ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። እሁድ ሚስቱ የተለመደውን ጥያቄዋን አልጠየቀችም። ይሄ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አስፈራው።

ሰኞ ሥራ ወጣ እንጂ አልሠራም። ከሰዓት በኋላ በሦስተኛው ግቢ የሌላውን ቁጥር ለሌላው ጻፈ፤ በሃያ አንድ ዓመት አድርጎት አያውቅም። በአራተኛው ግቢ ቆጣሪው ላይ እንዳጎነበሰ ላብ አጠመቀው። የቤቱ ባለቤት «ወንድም፣ ምን ሆንክ?» ስትለው ከእጁ የወደቀችውን እርሳስ እንኳ ሳያነሳ ወጣ። ሥራ ጥሎ ሄደ ቢባል ስሙ ከስድስቱ ሳይሆን ከሌሎቹ ጋር እንደሚለጠፍ ያውቃል። ቢሆንም ሄደ። መጀመሪያ ተራመደ፤ የሰፈሩ ጥግ ሲደርስ ሮጠ።

በሩ ገርበብ ብሏል። የሚስቱ ታላቅ እህት፣ ከገበያው ዳር የቤት ዕቃ የምትሸጠዋ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ሚስቱ መሬት ተንበርክካ የሚጢጢን ልብስ እያጠፈች ቦርሳ ውስጥ ትከታለች። ካልሲዎቹ ለብቻ፣ የውስጥ ልብሶቹ ለብቻ፣ ሁሉም ታጥበው ተተኩሰዋል። ልጁ ከትምህርት ቤት መጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሚጢጢ በሁለት እጇ ጫማዋን ይዛለች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም።

ሚስቱ ደነገጠች፤ ግን አልተነሣችም።

«ማታ ልነግርህ ነበር። ቅዳሜ ነው የምትሄደው፤ ዛሬ ልብሷ ብቻ ነው። እንድትለምድ ብዬ ከሐሙስ ጀምሮ ከትምህርት ቤት እህቴ ጋ እየሄደች እዚያ ትበላለች፤ ገላዋን እዚያ ትታጠባለች፤ ልብሷም እዚያ ይታጠባል።»

«ለምን?»

«ለምን ትለኛለህ? ቤት ኪራይ አይቀነስም። የልጁ ትምህርት አይቀነስም። አንተ ከስተህ ከስተህ አጥንትህ ቀርቷል፣ ሌሊት ትቃዣለህ። ከማን ልቀንስ?» ድምፅዋ ተሰበረ። «እህቴ ልጅ የላትም፤ ቤቷ ሙሉ ነው። አንተስ አጎትህ ጋ አይደል አድገህ ሰው የሆንከው?»

«እኔም እንደ ልጄ ነው የማያት፤ አታስብ» አለች እህትየዋ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እዚህ ቤት ግን በራሱ አልደረሰም፤ ሰውዬው ራሱ ስድስት ሳምንት ሙሉ እጁን ይዞ ሲያመጣው ከረመ። የስፌት መኪናዋ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ፣ «ልጄ ግን አትሄድም።» ከዚያ አንድ በአንድ ወጣለት። ስለ አዲሱ ቆጣሪ፣ ስለ ዝርዝሩ፣ ስለ አባቱ፣ በአሮጌ አንሶላ ስለተቋጠረው ልብስ። በአጎቱ ቤት ድምፁን አጥፍቶ ስለሚያኝከው ልጅ ሲደርስ አለቀሰ፤ ልጆቹ አባታቸው ሲያለቅስ ያዩት ያን ቀን ነው። ሚስቱ እጇን አፏ ላይ ጭና ሰማችው።

«ባንክ ያለው ለሰባት ወር ይበቃናል» አለ በመጨረሻ። «ብባረርም ሰባት ወር።»

«ሰባት ወር?» ብድግ አለች። የያዘችውን ሹራብ ፊቱ ላይ ወረወረችበት። «ምንም የለንም አላልከኝም? እኔ እኮ የነገ ዳቦ የለንም ብዬ ነው! ልጄን እኮ ልሰጥ ነበር! አንተ ሰውዬ፣ ምን ብበድልህ ነው?»

«ፈርቼ ነው» አለ። እሷም እንደገና መሬት ቁጭ ብላ፣ ያጠፈችውን ልብስ ሁሉ ከቦርሳው እየጎተተች አወጣች፤ እያለቀሰች ትሰድበዋለች፣ እየሰደበች ታለቅሳለች። እህትየዋ ቀስ ብላ ነጠላ ጫማዋን ፈልጋ ወጣች።

ሚጢጢ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። አንባቢው እየዳኸ ሄዶ ፊቷ ተንበረከከና ጫማዋን ከእጇ ተቀበላት።

«አትሄጂም፣ እሺ? የትም አትሄጂም። እዚሁ ነሽ።»

ትስቃለች ብሎ ጠበቀ፤ አንገቴ ላይ ትጠመጠማለች ብሎ እጁን ዘረጋ። ልጅቷ መጀመሪያ እናቷን አየች፣ ከዚያ ኮፍያውን የደፋውን ወንድሟን አየች፣ ከዚያ እሱን። ማንም እንዳይሰማት ይመስል፣ ጆሮው ሥር ተጠግታ ጠየቀችው።

«ታዲያ ማን ይሂድ?»